አራት ድምፅ ለአንድ ደረጃ

ባለፈው ሳምንት ሳሊተ ምሕረት ያለውን የአዲሱን ቤታችንን ደረጃ ስወጣ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ አንድ ኖታ ለቀቅ አደረግሁ። ምንም! ድምፄ እዚያው ከንፈሬ ላይ ቀረ። የካ አባዶ የተውነው ኮንዶሚኒየም ደረጃው ቢያስነጥሱበት እንኳ ሦስቴ ይመልስ ነበር። በዚያው የዘጠነኛ ክፍሉ ሰኔ ትዝ አለኝ።

ቦሌ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ለዓመቱ መዝጊያ አንድ ሞቴት እናጠና ነበር። ሞቴት ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን በላቲን የተደረሰ መዝሙር ነው፤ ከበሮ የለ፣ ኦርጋን የለ፣ የሰው ድምፅ ብቻ። አንዱ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ሌላው ያንኑ ዜማ ይዞ ከኋላው ይገባል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አጃቢ የሚባል የለም፣ ሁሉም ዋና ነው። አንዳንዴ ሁለት ድምፆች በጣም ተጠጋግተው ይጋጩና ልብን ቆንጠጥ ያደርጋሉ፤ ወዲያው አንዱ ዝቅ ሲል እፎይ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የክንዴ ፀጉር ቆመ!

አራት ነበርን፦ ሶልያና ከላይ፣ እኔ ከሥሯ፣ ከዚያ ኪሩቤል፣ ወፍራሙን ድምፅ ደግሞ ናሆም። ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁት መሪው ሲያወጣ በመቀበል ነው፤ ሶልያና ስትጀምር አፌ ሳያስፈቅደኝ የሷን ዜማ ይቀበላል።

የሚያስጠናን ቲቸር ሳምሶን በመጨረሻ ሰለቸው። «ፍሬ፣ እስከ ዓርብ የራስሽን ዜማ ካልያዝሽ ሞቴቱን ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ።»

ያን ቀን ሦስቱም አብረውኝ በታክሲ የካ አባዶ፣ እኛ ሰፈር መጡ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ከመንገድ ዳር ትኩስ ድንች በዳጣ ገዝተን ደረጃው ሥር ተጠልለን በላን።

«አንቺ እኮ» አለኝ ናሆም አፉ እየተቃጠለ፣ «ጎረቤት ሲስቅ ሰምተሽ የምትስቂ ሰው ነሽ።»

«ሶልያናን ካላየች ይሻላታል» አለ ኪሩቤል። «ለምን በየፎቁ አንቆምም?»

ናሆም ታች ቀረ፣ ኪሩቤል አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ሶልያና ሦስተኛ። ጀመርን፤ ተሳሳትኩ። ደገምን፤ ተሳሳትኩ። በዚህ መሃል አጠገቤ ያለው በር ተከፈተና ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ የምስር ሰፌድ ይዘው ብቅ አሉ። አለቀልን አልኩ።

«ምነው ልጆች፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ ልምምድ ነው።»

«ታዲያ ለምን ታቋርጡታላችሁ? በሉ ጨርሱት!» ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

የሶልያና ድምፅ ከላይ እንደ ውሃ ወረደ። አልተቀበልኳትም። ተራዬን ጠብቄ የራሴን ዜማ ከሥሯ አስገባሁ። ያ ግጭት ያለበት ቦታ ደረሰ፤ ሁልጊዜ ወደ ሶልያና የምሸሸው እዚያ ነው። ቆምኩ። ቆነጠጠኝ፣ ግን የራሴን ይዤ ቆምኩ። እሷ ዝቅ ስትል ሕንፃው ራሱ የተነፈሰ መሰለኝ። ለካ ያ ውበት የሚመጣው እኔ በቦታዬ ስቆይ ነው! መጨረሻ ላይ አራታችንም ተገናኝተን ዝም ካልን በኋላ ደረጃው ትንሽ ዘመረ።

«ድገሙት» አሉ እትዬ ዘውዴ፤ ምስሩን ረስተውታል።

ዓርብ ቲቸር ሳምሶን ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማን። «ከፕሮግራሙ አይወጣም» አለ፣ በቃ።

ከዝግጅቱ በኋላ ሰው ሁሉ ሲያንጎራጉር የሄደው የሶልያናን ዜማ ነበር። አልከፋኝም። ዛሬም ያንን ሞቴት ስከፍት የላይኛውን ትቼ የመሃሉን ነው የምከተለው። ዜማውን የደረሰው ሰውዬ ማንም ነጥሎ ለማይሰማው ድምፅ ይህን ያህል ተጨንቆለታል። እኔ ግን እሰማዋለሁ።