የመጨረሻዋ ባለዕጣ

ጠበቃው «ለማን ለማን ዕዳ አለብዎት?» ብሎ ሲጠይቀኝ እቁቡን አላነሳሁም። ለመደበቅ ብዬ አይደለም። እቁብ ዕዳ ነው ብሎ ማን ያስባል? ለሆስፒታሉ አለብኝ አልኩት፣ ለክሬዲት ካርዶቹ አለብኝ አልኩት። የሐሞት ጠጠሬን ያወጡልኝ የምሠራበት የላስ ቬጋስ ሆቴል በኮሮና ተዘግቶ ኢንሹራንሴ ከተቋረጠ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኪራዩንም አስቤዛውንም በካርድ ስገፋ ከረምኩ። ስልኬ ሲጮህ ይውላል፤ የሚደውሉት ሁሉ ሥራ ስጀምር ከደመወዜ እንደሚያስቆርጡ ይነግሩኛል። ልጄ ናት «እማዬ፣ ባንክራፕሲ ፋይል አድርጊና ይብቃሽ» ያለችኝ። መክሰሬን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ማለት ነው። ከተቀበሉኝ ዕዳው ይሰረዛል፤ ካልተቀበሉኝ እስክሞት ይከተለኛል።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በስልክ ነበር፤ ያኔ ምኑ በስልክ ያልሆነ ነበር! ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። የልጅ ልጆቼ መኝታ ቤት ዘግተው በኮምፒውተር ይማራሉ። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ጠበቃዬ፣ ትረስቲ የሚሉት ፍርድ ቤቱ ጉዳዬን እንዲመረምር የመደበው ሰውና አንድ አበሻ አስተርጓሚ አሉ። እውነቱን ልናገር ማልኩ። አድራሻዬን፣ መኪናዬን፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠየቀኝ። ደህና እየሄደ ነበር።

ከዚያ ትረስቲው የባንክ ወረቀቴን እያየ፣ «ፋይል ከማድረግዎ ጥቂት ቀደም ብለው ብዙ ገንዘብ በጥሬው አውጥተዋል። የት ገባ?» አለ።

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ «ኪራይ በይ፣ ኪራይ» አለችኝ።

«እቁብ ከፈልኩበት» አልኩ።

ሆቴሉ ውስጥ ክፍል የምናጸዳ ሴቶች እቁብ ነበረን፤ ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። በየወሩ እናዋጣለን፣ ዕጣ የወጣላት ትወስዳለች። ሁላችንም ወስደን አንዲት ሴት ብቻ ስትቀር ሆቴሉ ተዘጋ። ገሚሱ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፣ ገሚሱ ስልክ አያነሳም። ያቺ ሴት ግን ለሁላችንም ስታዋጣ የኖረች ናት፤ ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ወራት የዘገየው የሥራ አጥ ገንዘቤ በአንድ ጊዜ ሲገባልኝ ሙሉውን እቁብ አውጥቼ ሰጠኋት። ሰብሳቢ ሲሞላ ብቻ አይደለም ሰብሳቢ የሚባለው፤ ሲጎድልም ይሞላል።

ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ትረስቲው «ታዲያ ዕዳ ነበር ወይስ ስጦታ?» አለ።

«ሁለቱም አይደለም። ተራዋ ነው።»

«ከሁለቱ አንዱን ይበሉ።»

«ልጄ» አልኩት አስተርጓሚውን፣ «አንተ እቁብ ታውቃለህ። እስቲ በደንብ አስረዳው!»

«እማማ፣ እኔ ከራሴ መጨመር አልችልም። እርስዎ ያሉትን ብቻ ነው የምለው።»

«እንግዲያው የአገርህ ሰው ስትንገላታ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ?»

እሱንም ተረጎመው መሰለኝ፣ ጠበቃዬን ሳል ያዘው።

ትረስቲው አልተቆጣም። ሕጉ አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ነው የሚያየው፤ ሊከስር የተቃረበ ሰው አንዷን መርጦ ከከፈለ ሌሎቹን በድሏል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከሴትየዋ ላይ አስመልሼ ለሁሉም ማከፋፈል እችላለሁ፤ ስሟና አድራሻዋ ይሰጠኝ አለ።

«ባንኩ ወለድ በወለድ ላይ ሲቆልልብኝ የኖረ ነው፣ እሷ ሳንቲም አልጨመረችብኝም። እንዴት እኩል ይሆናሉ በለው። ስሟንም አልሰጥም።»

ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጠበቃዬ ለምኖ ሌላ ቀጠሮ አስያዘልን። ከዚያ ለብቻዬ ደወለልኝና ስሟን ካልሰጠሁ ጉዳዬ ውድቅ ሊሆን፣ ዕዳውም እንዳለ ሊቀር እንደሚችል ነገረኝ።

«የጠየቁሽ እኮ ስም ብቻ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ ልጄ።

«የሷን ስም ነዋ። የኔ ቢሆን ድሮ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ሴትየዋ ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በመጫን ሥራ ጀምራ ነበር። ሺፍቷ እስኪያልቅ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅኳት። ከሙቀቱ የተነሣ የመኪናዬ መሪ አይጨበጥም። ስትወጣ ከነማስካችን ራቅ ራቅ ብለን ቆምንና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«እትዬ፣ እኔን ፍርድ ቤት?» አለች። «የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ስሜን ከፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ቢያገኙትስ?»

«ገንዘቡ ከእጅሽ አለ?»

«የት ይኖራል! ውዝፍ ኪራይ በላው። ልጆቼን ይዤ ውጭ ልወድቅ ነበር እኮ።» ከዚያ ዓይኖቿ ፈጠጡብኝ። «መክሰርዎን ካወቁ ለምን ሰጡኝ? ባይሰጡኝ ይሻለኝ ነበር!»

«ተራሽ ስለሆነ ነዋ!» ብዬ ጮህኩባት። ወደ መኪናቸው የሚሄዱ ሰዎች ዞረው አዩን።

«ስሜን ይጠሩታል?»

«አላውቅም» አልኳት። የማልጠብቀውን ቃል መስጠት አልፈለግኩም።

ስመለስ በሀይዌዩ ቀኝ ጠርዝ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ትረስቲው ያናደደኝ የራሴን ንግግር መልሶ ስለነገረኝ ነበር። እቁባችን ውስጥ አንዷ ታምሜያለሁ፣ ሌላዋ ልድር ነው እያሉ ከዕጣ በፊት ሲለምኑኝ «ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ተራሽን ጠብቂ» የምል እኔ ነበርኩ። ሆስፒታሉም ገንዘብ ሳይቀበል ቀዶ አድኖኛል፤ እሱም ተራ ይጠብቅ ነበር። ወለዱን አሁንም እረግመዋለሁ። ግን ወረፋውን ያፋለስኩት እኔ ነኝ። እሷ ያደረገችው የደረሳትን መቀበል ነው። ታዲያ የኔን ጥፋት እሷ ለምን ትከፍላለች?

በሁለተኛው ቀጠሮ ትረስቲው ሳይጠይቀኝ ጀመርኩ። «ስሟን አልሰጥም። ያን ገንዘብ ግን ከእኔ ይቀበል በለው።»

«ከየት ያመጡታል ይላል።»

«ሆቴሉ ተከፍቶ ጠርቶኛል። ሰኞ እጀምራለሁ። በየወሩ እከፍላለሁ።»

ትረስቲውና ጠበቃዬ በእንግሊዝኛ ብዙ ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ሊከተላቸው አልቻለም። የልጄን እጅ አጥብቄ ይዤ ኖሮ «እማዬ፣ አሳመምሽኝ» አለችኝ።

በመጨረሻ አስተርጓሚው ወደ እኔ ተመለሰ። «እማማ፣ እሺ ብለዋል፤ ሌላው ዕዳዎ ይሰረዛል። አንድ ወር ካጎደሉ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፤ የሴትየዋንም ስም እንዲናገሩ ያስገድዱዎታል። ገብቶዎታል ወይ ይላል።»

«እቁብ ሰብሳቢ ነበርኩ በለው። አንድ ወር ማጉደል ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ደወለች። «እትዬ፣ ጠሩት?»

«አልጠራሁም።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቁዎት?»

«በየወሩ እከፍላቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ግማሹን ከእኔ ይቀበሉ። ኦቨርታይም አለኝ» አለች።

«ኦቨርታይምሽን ለልጆችሽ አድርጊው። ተራሽ ነበር፣ ወሰድሽ፣ አለቀ!»

«እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ...»

ዘጋሁባት። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ነበር። «አንድን እቁብ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ያው፣ አንቺም ሰማሽ» አልኳትና የሥራ ጫማዬን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ።