ከባዶው ወንበር የሚነሣ ሙቀት

አጎቴ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ነበር ወይስ ሳያውቅ? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ሥራው ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ ፊልም መሥራት ነበር። ማግኔት የብረት ብናኝ ሲያሰልፍ፣ ድምፅ በቆርቆሮ ላይ የተበተነ አሸዋ ሲያስጨፍር ቀርጿል። ከሁሉ የሚወደው ግን የአየርን ሙቀት መቅረጽ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ መስታወት አቁሟል፤ ከፊት ለፊቱ ትንሽ መብራትና ካሜራ፣ ከካሜራው ሌንስ ፊት ደግሞ ከብርሃኑ ከፊሉን የሚጋርድ አንድ ምላጭ። ከመስታወቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ከትከሻው ሙቀት እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ሲወጣ በፊልሙ ይታያል።

ባለቤቱን እዚያ እያስቀመጠ ይቀርጻት ነበር። ፊቴን ትቶ ትንፋሼን የሚያነሣ ባል እግዜር ሰጠኝ እያለች ትስቅበታለች።

ከሞተች በኋላ ባዶ ወንበሯን ይቀርጽ ጀመር። አንድ ቀን እኔንና እናቴን ጠርቶ አሳየን። ወንበሩ ላይ ማንም የለም፤ ከበላዩ ግን ሙቀት ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ልክ ሰው ሲተነፍስ እንደሚሆነው። አጎቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተወ፤ ከተኛሁ ትሄዳለች ይላል። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

እናቴ ፈራች፤ እህቱ ናትና ዝም ማለት አልቻለችም። ሲቀርጽ የት እንደሚሆን ጠየቀችው። ከወንበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ነገራት።

«እኔን ስንቴ ከዚያ አባረኸኛል? የገላሽ ሙቀት ፊልሜን አበላሸ እያልክ።»

አጎቴ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«ካሜራውን ክፈትና ውጣ» አለችው።

«ባዶ ቢሆንስ?»

«ያኔ ትቀብራታለህ፣ ወንድሜ።»

ቀናት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ደውሎ ጠራን። ካሜራውን ከፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በሩን ቆለፈና ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እናቴ ቁልፉን ተቀበለችው።

ተመልሰን ስናየው አየሩ እንደ ኩሬ ውኃ ረግቷል። ምንም አይነሣም። አጎቴ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አየ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። እናቴ ጫማውን እያወለቀችለት ሳለ የሚስቱን ስም አንድ ጊዜ ጠራ፤ የሚመልስለት እንደሌለ ያወቀ ሰው አጠራር ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።