ሦስት ሽማግሌ ለአንድ አውሮፕላን

ከአንኮበር የወጣሁ ለት እናቴ እስከ ደብረ ብርሃን ልትሸኘኝ አብራኝ መኪና ተሳፈረች። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። እናቴ አስካለ መኪና ፈጽሞ አይስማማትም። አልዩ አምባ ገበያ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ፣ ያን ሁሉ ዳገት ከነሸክሟ በእግሯ ትመለሳለች እንጂ ጎማ ያለው ነገር ላይ አትወጣም። ያን ለት ግን ሎሚ እያሸተተች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሁለቴ አስቁማ ወርዳ፣ እንደ ምንም ደረሰች።

ያደርነው አጎቴ ጋሽ መኮንን ቤት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የማያውቀው አገር የለም፤ የሄደበት ግን የለም። ራት ላይ ካርታ ዘርግቶ መተማን በጣቱ አሳየኝ፣ ከዚያ ካርቱምን፣ ከዚያ ጣቱ ባሕሩ ላይ ሲደርስ እናቴ ካርታውን አጠፈችበት።

«እልፌ» አለችኝ፤ «መሄዱን ሂጂ። ብቻ እኔ በእግሬ የማልደርስበት አትሂጂ።»

እሺ አልኳት። መዋሸት የጀመርኩት እንግዲህ ያኔ ነው።

መተማን እንዴት እንደተሻገርኩ፣ ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥሬ ያሳለፍኳቸውን አራት ዓመታት እዚህ አልዘረዝርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትን አይጣለው። የጣርማ በር ጉም የለመደ ሰው እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ብቻ ልንገራችሁ፤ ጠዋት በር በከፈትኩ ቁጥር የዳቦ ቤት ምድጃ የከፈትኩ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ካናዳ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር ሆነችኝ። ትልቁ ከተማ በአውሮፕላን አርፌ ከዚያ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ የስንዴ ማሳ ብቻ! አንድ ገደል፣ አንድ ጉብታ እንኳን የለም። የአንኮበርን ሰው መሬት እንዲህ ለጥ ብሎ ሲያየው ያስፈራዋል።

ቤት ያከራየኝ ሚስተር ዋልተር የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበትና ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሕጉን ነገረኝ።

«ማሞቂያውን አትነኪም።»

«እሺ።»

«ጥር ላይ ታለቅሻለሽ።»

«እኔ አንኮበር ነው ያደግሁት። ብርድ አውቃለሁ።»

ጥር መጣ። አለቀስኩ። እንባዬ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ሆነ። ዋልተር በሬን አንኳኩቶ የሟች ሚስቱን ካፖርት ሰጠኝና «አንኮበር ሰላም ብሎሻል» ብሎኝ ሄደ።

ሥራ ያገኘሁት ኤርፖርት ነው። ጽዳት። አለቃዬ ብሬንዳ መጀመሪያ ቀን ባዶውን አዳራሽ እያሳየችኝ «መንገደኛ የለም» አለችኝ። «አየር መንገዱ ከተወን ሰባት ዓመት ሆነ። አሁን የሚያርፉት አምቡላንስ አውሮፕላንና ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጩት ትንንሾቹ ናቸው።»

«ታዲያ ወለሉን ማን ያቆሽሸዋል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን እወለውላለሁ?»

«አየር መንገዱ አንድ ቀን ሊያየን ቢመጣ ቆሽሸን እንዳያገኘን።»

ይህ ደግሞ ገባኝ። እኛም አገር እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤቱ ይጠረጋል፤ እንግዳው ቢቀርም ቤቱ ተጠርጎ ይቆያል። ሦስት ዓመት ማንም የማይረግጠውን ወለል እንደ መስተዋት አድርጌ ወለወልኩ።

ለእናቴ «ኤርፖርት ሥራ ያዝኩ» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም፤ የቀረውን አልነገርኳትም እንጂ። ወሬው በሳምንት ውስጥ አንኮበርን አዳረሰ። አንዱ ደውሎ ለልጁ መስኮት በኩል መቀመጫ እንድይዝለት ይጠይቀኛል፣ ሌላዋ አውሮፕላን ላይ የሚሰጠው ምግብ ጾም መሆን አለመሆኑን አጣርቼ እንድነግራት ትፈልጋለች። እኔም እሺ እላለሁ።

ከዚያ ጋሽ መኮንን ስልኩ ላይ ፈልጎ ደረሰበት። ለቅሶ ቤት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ «ያ ኤርፖርት መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን አያርፍበትም» ብሎ ተናገረ። እናቴ በማግስቱ ደወለች።

«መኮንን ሰው ፊት አዋረደኝ። ውሸቱን ነው በይኝ።»

«ውሸቱን ነው እማዬ።»

«አውሮፕላን ያርፋል?»

«ያርፋል።»

«እንግዲያው መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። መኪና የማትሳፈር ሴት! ለካ አምርራለች። ፓስፖርት አወጣች። አዲስ አበባ ሁለቴ ተመላለሰች፤ በሄደችም በመጣችም ቁጥር ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ጫጫ ላይ ወርዳ መንገድ ዳር ተቀምጣ ነፍሷ እስኪመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይጠብቃታል። ኤምባሲው በአስተርጓሚ ጠየቃት።

«ለምንድን ነው የሚሄዱት?»

«ልጄ የምትሠራበትን አውሮፕላን ማረፊያ ላየው።»

«እንደሚመለሱ ምን ማረጋገጫ አለ?»

«ገብሴን ማን ሊያጭድልኝ ኖሯል? አንተ ታጭድልኛለህ?»

ቪዛውን ሰጧት። የምሥራቹን ስትነግረኝ አንድ ነገር ጨመረችበት። «ብቻ እልፌ፣ ከሰማይ ወርጄ ደግሞ መኪና አልሳፈርም። አንቺ ጋ ነው የማርፈው።»

እውነቱን ልነግራት ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ይገድላታል፤ ውሸቴ ደግሞ ከአውቶቡሱ ይብሳል። ዋልተር ወጥ ቤት ተቀምጬ ሳለቅስ አገኘኝና ሁሉንም ነገርኩት። በዚያው ሰሞን ከአንድ አየር መንገድ አንዲት ሴት መጥታ ኤርፖርቱን እንደምታይ ብሬንዳ ነግራን ነበር፤ መልሱ ግን እምቢ እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በፊትም ሁለት ኩባንያ መጥቶ፣ የከንቲባውን ንግግር ሰምቶ፣ ኬክ በልቶ ሄዷል።

«በእኛ አገር» አልኩት ዋልተርን፤ «ትልቅ ነገር ሲፈለግ ንግግር አይደረግም። ሽማግሌ ነው የሚላከው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ይሄዳሉ። ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም።»

«ለምን?»

«የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም ይላሉ። ሽማግሌ ቆሞ ማየት ነውር ስለሆነ ባለቤቱ ይጨንቀዋል።»

«ጉልበቴስ?»

«ዋናው እሱ አይደል እንዴ!»

ዋልተር አልሳቀም። ትልቁ ከተማ የምትኖር ልጅ አለችው፤ የክረምቱን መንገድ ፈርታ ሁለት ገና ሳትመጣ ቀርታለች። ኮቱን ለበሰና ጡረታ የወጣውን ቄስና አንድ የሰማንያ ዓመት ገበሬ ሊያነጋግር ወጣ።

በስብሰባው ቀን ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ ሞላ። የአየር መንገዷ ሴት ጥቁር ኮት የለበሰች፣ ፊቷ ላይ መልሷ አስቀድሞ የተጻፈባት ወጣት ናት። ከንቲባው አፉን ሳይከፍት ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ፊት ወጥተው ጎን ለጎን ቆሙ።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

«አንቀመጥም» አለ ዋልተር። «አውሮፕላን ልንለምን ነው የመጣነው። እሺ እስክትይን እንቆማለን።»

ከንቲባው በሀፍረት ቀላ። ሴትዮዋ ስለ መንገደኛ ማነስ፣ ስለ ነዳጅ ታስረዳ ጀመር፤ እነሱም ቆመው በትሕትና ሰሟት። ሩብ ሰዓት አለፈ። የዋልተር ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከበስተ ኋላ መወልወያዬን ይዤ አየዋለሁ፤ ሄጄ ልደግፈው ፈለግሁ፣ ሽማግሌ ግን አይደገፍም። ከዚያ ብሬንዳ ከወንበሯ ተነሣች። አጠገቧ ያለው ተነሣ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ ከሴትዮዋ በቀር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እሷም ቆየችና ተነሥታ ስልኳን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለስድስት ወር ሙከራ። በሳምንት ሦስት ቀን። አሁን በፈጣሪ፣ ተቀመጡ!»

እልል አልኩ። በዚያች ከተማ እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ሰውዬ የእሳት ደወል መስሎት ወደ በሩ ሮጠ።

እናቴ የመጣችው በመጀመሪያው በረራ ነው። ግንቦት ነበር። አየር መንገድ ወደ አንድ ከተማ ሲገባ በእሳት አደጋ መኪና ውሃ እየረጩ መቀበል ልማዳቸው ነው፤ ሁለት መኪና ከግራና ከቀኝ ውሃውን ወደ ሰማይ ሰደደ፣ አውሮፕላኑ በመሃል አለፈ። እናቴ ጋቢዋን እንደተከናነበች ከደረጃው ወርዳ፣ ስማ ስማኝ፣ ከለቅሷችን መለስ ስትል የጠየቀችኝ ይህን ነው።

«በጠበል ነው እንዴ የምትቀበሉት?»

«አዎ እማዬ።»

የመጨረሻው ውሸቴ ያ ነው። አዳራሹ ስንገባ ቀጥ ብላ ቆማ ወለሉን ታይ ጀመር። ሰው የሚመላለስበትን መሬትና የማይመላለስበትን እሷ ታጣዋለች እንዴ? ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ የሄደች ሴት ናት።

«እልፌ፣ ይሄን መንገደኛ ረግጦት አያውቅም።»

«አያውቅም።»

«መኮንን እውነቱን ኖሯል።»

«እስከ ዛሬ ጠዋት እውነቱን ነበር።»

እዚያው ቆመን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስት ዓመቱን፣ ፍርሃቴን፣ ሽማግሌዎቹን። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዋልተርን አሳዪኝ አለች። በከዘራው ተደግፎ ሲመጣ ሁለት እጁን ይዛ ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ሰውዬው እንደ ልጅ ቀላ።

ከዚያ «መኮንንን ደውይልኝ» አለች።

«መኮንን? አዎ፣ በደኅና ገባሁ። የት ነኝ ትላለህ? ማረፊያው ላይ! ይኸው አውሮፕላኑ ፊቴ ቆሟል። እንካ፣ ልጅቱን ጠይቃት።»

«እልፍነሽ፣ እውነት ነው?» አለኝ ጋሽ መኮንን።

«እውነት ነው ጋሼ።» ያንን ቃል ሳልፈራ የተናገርኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ደረቴ ሰፋ።

እናቴ ስልኩን መልሳ ወሰደች። «ስማኝ ወንድሜ። ሦስት ሽማግሌ ፈልግ፤ አንዱ አንተ ሁን። የሚመለከተው ሰው ቢሮ ሂዱና ደብረ ብርሃን አውሮፕላን ያርፍልን በሉ። ተቀመጡ ቢሏችሁ እንዳትቀመጡ። እኔ ስመለስ በጫጫ መንገድ አልንገላታም፤ ደብረ ብርሃን ነው የማርፈው።»

ለዋልተር ተረጎምኩለት፤ ከዘራው እስኪወድቅ ሳቀ። ብሬንዳም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። «ስመለስ» አለች። ሻንጣዋ እንኳን ገና አልወጣም ነበር።