ልጄ ዳገቱ ላይ ከብስክሌቱ የወረደ ዕለት

«እምየ፣ አጎታችን ከብስክሌቱ የወረደበትን ቀን ይንገሩን» እያሉ የልጅ ልጆቼ ካስቸገሩኝ ሰነበቱ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ልናገር፣ እነሱ ይጻፉት ብለን ተስማማን። ወዲያ ወዲህ ብል አትታዘቡኝ፤ እግሬም አፌም አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቁም።

የመጨረሻ ልጄ ነው። ከጉና ሥር ተወልዶ በብስክሌት የኖረ ሰው በእኛ ዘር እሱ ብቻ ነው። አንድ ክለብ ደመወዝ እየከፈለው ብዙ ዘመን ጋለበ። በወጣትነቱ ስሙ በሬዲዮ ይጠራ ነበር፤ እኔ ሬዲዮ ስለሌለኝ ጎረቤት ሄጄ ነበር የምሰማው። አርባ ሊደፍን ሲል ግን ነገሩ ተበላሸ። ቀን በቀን እየተከታተለ በሚጋለበው ውድድር ላይ መጀመሪያ ከፊት ይሆንና እያደር ወደኋላ ይቀራል። የዛሬው ድካም ለነገ ያድርበታል።

አሰልጣኙ ጠራውና «ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር የሚጋለበው የአንድ ቀን ነው። በሱ እንይህ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ከገባህ ውልህ ይታደሳል፤ ካልገባህ ለወጣቶቹ ልጆች ቦታውን ልቀቅ» አለው። ልጄ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የመሬት ድርሻውን ድሮ ለወንድሙ ትቶ ነው ከተማ የገባው።

ጭንቅ ሲለኝ ጎረቤታችን ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ የብስክሌት ዕቃ ይሸጣሉ፣ ጎማም ይለጥፋሉ፤ ልጄን ከልጅነቱ ያውቁታል።

«ሐጂ፣ ይሆንለት ይሆን?» አልኳቸው።

«የአንድ ቀን ከሆነማ ይሆንለታል። ልጆቹ ጉልበት አላቸው፣ መንገዱን ግን አያውቁትም። ፎገራ ሜዳ ላይ ነፋሱ ከጣና በኩል መጥቶ ጎን ጎናቸውን ሲላቸው፣ ያንቺ ልጅ ከሰው ጀርባ ተሸጉጦ ያልፈዋል። ዓለም በርን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ እነሱ ጨርሰዋል፤ እሱ ገና ነው።»

«ካልሆነለትስ?»

«ካልሆነለት መጥቶ እኔ ጋ ጎማ ይነፋል። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል፣ ሳንባዬም አልቋል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የውድድሩ ሰሞን ጣራ ገዳም ሄጄ ሰነበትኩ። ልሄድ ስል ልጄ ስንቄን ይዞልኝ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ።

«እማየ፣ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ቆመው እንዳይጠብቁኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዲያው አይቁሙ።»

«እኔን የት ቁሚ፣ የት አትቁሚ ያለኝ ማን አለና ነው?» አልኩት። ስንቄን መኪናው ላይ ጫነልኝና ወደ ኋላው ሳያይ ተመለሰ።

ገዳም ሳለሁ ጸሎቴ ሁሉ ስለ እሱ ነበር። ሌሎቹ ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብ ይለምናሉ፤ እኔ ስለ ብስክሌት ስለምን አፈርኩ። ግን ለመንኩ።

በውድድሩ ዕለት ወደ ቤቴ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ዓለም በር ላይ ከመኪና ወረድኩና በእግሬ ወደ ላይ ወጣሁ። ከአንዱ ጠመዝማዛ በላይ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። የፖሊስ ሞተር ቀድሞ መጣ። ከኋላው አራት ጋላቢዎች። ሦስቱ ልጆች ናቸው፤ አራተኛው የእኔ ነው። ሐጂ እንዳሉት ሆነ አልኩ፤ አንዱን ብቻ ቢቀድም ከሦስቱ ይገባል።

በዚያው ቅጽበት ከታችኛው መንደር ቀብር ወጣ። ቄሶቹ ከፊት፣ ሬሳው በቃሬዛ፣ አልቃሹ ከኋላ። መንገዱን ተሻግረው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። እነሱም ቆሙ። ሦስቱ ልጆች አለፉ።

ልጄ አላለፈም። ከብስክሌቱ ወረደ። የራስ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና ብስክሌቱን ተደግፎ ቆመ። እኛ ዘንድ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቀብር ሲያገኝ ይወርዳል፤ ያልወረደ እንደሆነ ሰው አይባልም። ፖሊሱ ግራ ገባውና ቀብሩን ለቀቀው። ሬሳው ሲያልፍ አንዱ ሽማግሌ «እግዜር ያክብርህ፣ ልጄ» አሉት። ከኋላ የነበሩት ጋላቢዎች ደርሰው፣ በቀብሩ ጫፍ እየተሹለከለኩ አለፉ። እሱ አልቃሹ አልፎ እስኪያልቅ ቆሞ ነበር።

ማታ አሰልጣኙ «ሬሳው ዘመድህ ነው?» ሲለው፣ «የሰው ነው» አለው አሉ። ውሉ በዚያው ቀረ።

ከተማው አመሰገነው። ገበያ ስወጣ «የዚያ የጨዋው ልጅ እናት» እያሉ ቅድሚያ ይሰጡኝ ጀመር። ብስክሌት እንደ በቅሎ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው ጠላ ቤት የተጣሉም ነበሩ። እኔ ግን ውስጤ ይቃጠል ነበር። አንድ ቀን ልጄን ሐጂ ሱቅ ጎማ ሲለጥፍ አገኘሁትና መታገሥ አልቻልኩም።

«ፖሊሱ አስቁሟቸው የለም እንዴ? ምን አስወረደህ?»

ካላማዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን እያየ፣ «እማየ፣ ያሳደጉኝ እንዲያ ነው» አለኝ።

 ከዚያ ወዲያ ሥነ ሥርዓት ያስተማርኩበትን ቀን እየረገምኩ ኖርኩ። ልጄ በራሴ ምክር ከእንጀራው ወደቀ እያልኩ ስንት ጊዜ እብናት ድረስ በእግሬ ዞርኩ፤ መንገድ ሐሳብን ያስረሳ ይመስል።

አምና መንገዱ ተዘግቶ እቤት ስንውል፣ ከዚሁ ልጄ ሚስት ጋር ምስር እየለቀምን ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ስለዚያ ቀን ሳላስበው አጉረምርሜ መሆን አለበት። እጇን ከሰፌዱ አነሳች።

«እማየ፣ አንቱ እስከ ዛሬ በራስዎ ነው የሚፈርዱት?»

«በማን ልፍረድ?»

«ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ግራ እግሩ በድን ሆኖበት ነበር። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ያደርገው ነበር፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ቀብሩ ባይመጣ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ፣ በሰው ፊት ሊወድቅ ነበር» አለችኝ።