ያላበጠ ጉልበት አይተኮስም

ልጄ ታደሰ ከጠረፍ የተመለሰ ቀን አሰበ ተፈሪ ከተማ መኪና ማቆሚያው ላይ የነበርነው እኔ፣ እህቱ አስቴር፣ የአባቱ ወንድም አቶ ዘውዴ፣ ጎረቤቴ ፋጡማና የጭነት መኪናው ሾፌር ነን። ሁላችንም ያየነውን ነው የምጽፈው።

ከመኪናው ሲወርድ ቀኝ ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀረ። አልዘረጋ አለ። ሾፌሩ አቅፎ አወረደው። ሱሪውን ሰበሰብን። አብጧል።

ጠረፍ ላይ እሱ የነበረበት ወታደር የጫነ መኪና ተገልብጦ እግሩ ከሥር ተይዞ ነበር። የክፍሉ የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ አሥር አለቃ በየነ በመርፌ ከጉልበቱ ደም ቀድቶ በፋሻ አሰረለት። ከዚያ ወደ ቤትህ ሂድ አሉት።

አቶ ዘውዴ ከቦኬ ወጌሻ አመጡ። ወጌሻው አሸ፣ ጎተተ፤ እብጠቱ እንቢ ሲል በጋለ ብረት ተኮሰው። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በአገራችን ያበጠ ይተኮሳል። ሌላ ማን ነበረን?

እብጠቱ ጎደለ፤ መቆለፉ ግን አልተወውም። መንገድ ላይ ይወድቃል። የሰፈሩ ሥራ ፈቶች «ጀግናው፣ ጠላት ጉልበትህን ብቻ ነው የማረከው?» ይሉታል። ዛሬም ሰላምታቸውን አልቀበልም።

የጉዳቱን መጠን ከመቶ ስንት እንደሆነ ወስኖ ጡረታ የሚያስሰጠው የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረብን። ልጄ ሸክም አይችል፣ እርሻ አይችል፤ እንጀራው በዚያ ውሳኔ ላይ ነበር። ሰብሳቢው ሐኪም ጠባሳውን በእርሳሱ ጫፍ ነካ።

«ይህ የወጌሻ ሥራ ነው። ከአገልግሎት የመጣ ጉዳት አይደለም።»

«ጌታዬ፣ ያላበጠ ጉልበት ማን ይተኩሳል?» አልኩት።

«እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም። መጀመሪያ ያከመውን ሰው አምጪ።»

በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው አንቺ አለኝ። ልጄ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠው። ከመቶ ምንም ተባለ።

ፋጡማ ግን «አብሽሪ እህቴ፣ ቦርዱ ባያምንም እግሩ ይዳን» ብላ፣ ሂርና ጫት የሚነግደውን ወንድሟን ለምና በመኪናው ድሬዳዋ አስወሰደችልን። እዚያ ያገኘነው ሐኪም ራጅ አንሥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎና ዘርግቶ ከመረመረ በኋላ እንዲህ አለን፦ «ውስጡ ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ለስላሳ አጥንት ተቀዷል፤ የተቀደደው መሀል ሲገባ ነው የሚቆልፈው። ብረቱ ቆዳውን እንጂ ይህን አልነካም።» ኦፕራሲዮን አድርጎ ቁራጩን አወጣለት። ከዚያ በኋላ ልጄ የከሳው ጭኑ እስኪመለስ ድረስ አሸዋ የሞላ ከረጢት ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ጠዋትና ማታ እግሩን ሲያነሣ ሲጥል ሰነበተ፤ የማሽላው አጨዳ ሲደርስም በምርኩዝ ገበያ ወጥቶ፣ ሳይወድቅ፣ ለፋጡማ ስኳር ገዝቶላት ተመለሰ። ሸክም ግን እስከ ዛሬ አይችልም።

ለፋጡማ፣ ለወንድሟና ለዚያ ሐኪም ዕድሜ ይስጥልኝ። ቦርዱን አላመሰግንም። ልጃችሁ ከውትድርና ጉልበቱን ታሞ የመጣባችሁ እናቶች፣ ሐኪም ያየውን ሳይጽፍላችሁ ወጌሻ አታስነኩት። እሽታው ይደርሳል። ልጁንም ማን እንዳከመው፣ አገሩ የት እንደሆነ ጠይቁት፤ እንደ እኔ ኋላ አትፈልጉ።

ቦርዱ ያ መጀመሪያ ያከመው ሰው ለምስክርነት ከመጣ እንደገና አያለሁ ብሏል። ድሬሰሩ አሥር አለቃ በየነ አጭር፣ ጠይም፣ አገሬ መቻራ ነው ይል የነበረ ሰው ነው። መቻራ ጠይቄ አጣሁት። በሕይወት መኖሩንና ያለበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።