አንድ ያልተቀባ ጥፍር

ሳቢራ ስትወለድ ጥፍሮቿ ሰማያዊ ነበሩ። እናቷ ሀሊሜ ለማንም ሳትናገር ሂና በጥብጣ አሥሩንም ቀባቻቸው። ደብዘዝ ባለ ቁጥር ትደግመዋለች። የቆቦ ሴቶችም ልጅቱ እንዴት እንደምትሽሞነሞን ያወሩ ነበር።

ከንፈር ግን ሂና አይቀባም። ሰባት ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤት ደጅ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ቁጢጥ ብላ ስታለከልክ ያያት አስተማሪ ወላጆቿን አስጠርቶ ሐኪም ቤት አስላካት። ልቧ ቀዳዳ አለው፣ ወደ ሳንባ የሚወስደውም መንገድ ጠቧል ተባለ። አዲስ አበባ ደረቷ ተከፍቶ ልቧ ተጠገነ። አጠገቧ የተኛችው ሊድያ ሕመሟ ያው ነበር፤ ለቀዶ ጥገና እንደገባች አልተመለሰችም።

እኔ ተርፌ እሷ ለምን? ሳቢራ ይህን ያልጠየቀችው ሰው የለም።

ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ገበያው ዳር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት። አምና አራት ቀሚስ ሳታርፍ ትዘመዝም ነበር፤ ዘንድሮ በሁለተኛው ትንፋሿ ያጥራል። ድናለች ተብሎ ክትትሉን ካቆመች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሂናው ብቻ ልማድ ሆኖ ቀረ። ካገባች ወዲህ ልጅ አምሯታል። ይህ ልብ እርግዝና ይችል እንደሆነ ለማወቅ ከባሏ ከጀሚል ጋር ደሴ ሄደች።

ነርሱ ዋሲሁን በደሟ ያለውን ኦክስጅን ሊለካ ጣቷን በትንሽ መሣሪያ ቆነጠጠው። ሂናው ተደራርቦ ጠቁሮ ስለነበር ቁጥሩ አልረጋ አለ። ጫማዋን አስወለቃት፤ የእግሯም ተቀብቷል።

«እህቴ፣ ለምርመራ ነው ወይስ ለሰርግ የመጣሽው? የቀረሽ ጆሮሽ ነው» አላትና እዚያ ለካ።

ሐኪሟ ልቧን በስክሪን አሳየቻት። ጥገናው ይዟል፤ አንዱ የልቧ በር ግን በደንብ ስለማይዘጋ ደም ወደ ኋላ ያፈስሳል። መውለድ አልከለከለቻትም፤ በየጊዜው እየታየች፣ ሆስፒታል እንድትወልድ አስጠነቀቀቻት። ልጁም እንደ እሷ ይሆን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሆን፣ ገና በሆዷ ሳለ ግን እንደሚያዩት ነገረቻት።

ሳቢራ ልትወጣ ተነስታ ስለ ሊድያ ጠየቀች።

«የሕመሙ ስም አንድ ቢሆንም ልብ ሁሉ አንድ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «የእሷን አላየሁትም። አላውቅም።»

አላውቅም ያላት ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ለጀሚል ስታወራለት መጣች።

ወራት አልፈው አረፋ ደረሰ። ሳቢራ ፀንሳለች፤ ከበዓሉ ማግስት ቀጠሮ አላት። ሀሊሜ ዘጠኝ ጣት ቀብታ አሥረኛውን ስትይዝ ልጇ እጇን ሰበሰበች።

«ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ይቺ ለሐኪም ቤቱ መሣሪያ ትቅር። ይጠይቁኝ፣ እናቴዋ። እነግራቸዋለሁ።»

ከደሴ ወዲህ ሂና ስላልነካው የዚያ ጣት ጥፍር አድጎ አሮጌው ቀለም ወጥቶ አልቋል። ሀሊሜ ጣቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ራሷ ስትሸፍነው ኖራ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ባዶውን አይታው አታውቅም። ጥፍሩን ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ እንጂ ሰማያዊ አልሆነም። ደግማ ጫነችው።

ሂናው በሳህኑ ላይ እየደረቀ ነበር።