የንጉሡ መርዶ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ትምህርቴን ዐሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ወንድሟ ነው፤ አቢዴል የሚባል ሰፈር ይኖራል፣ ጥቁር ሊሞዚን ይዞ ኤርፖርት ይሠራል። አራተኛዋ ትልቋ ልጄ፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አምስተኛዋ መምህሯ ስትሆን በአካል አይቻት አላውቅም። ስድስተኛ ካስፈለገ አንድ ንጉሥ አለ፤ እሱ ግን ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ችግሩም የመጣው መሞቱን እኔ ስለደበቅኩ ነው።

መጽሐፉን ያገኘሁት ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። የጥንት ግሪኮች የጦርነት ግጥም ነው፣ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ። ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍት ከተማዋ ተከባለች፣ ትልቁ ጀግናዋ ሞቶ ተቀብሯል፣ ሕዝቡ ግንብ ውስጥ ተሸሽጎ ይንቀጠቀጣል። ጀግናውን ማን እንደገደለው፣ ጦርነቱ በምን እንደተነሣ በቅጡ የሚነግረኝ የለም። ገጽ የተቀደደ መሰለኝና ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩ። ገጾቹንም ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም።

ነገሩ የገባኝ መቅድሙን ሳነብ ነው። መቅድም መዝለል መጥፎ ልማዴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ። ከሁሉ የታወቀው የጦርነት ግጥም በጀግናው ቀብር ላይ ያበቃል። ብዙ መቶ ዓመት አልፎ ሌላ ባለቅኔ ተነሣና፣ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ከተማዋ እስክትቃጠልና ወራሪዎቹ በባሕር ማዕበል እስኪበተኑ ድረስ ያለውን ጻፈው። ሊቃውንቱ ይህን ሁለተኛውን ሰው ብዙም አያከብሩትም፤ የቀደመውን የሚቀዳ ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። የእኔ ሥራ ራሱ እንዲህ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የጀመረው ሾፌር ይወርዳል፣ እኔ እገባለሁ። ወንበሩን ሞቆ አገኘዋለሁ። ተሳፋሪው ከየት እንደተሳፈረ አላየሁም፤ ማድረሱ ግን የእኔ ነው። ሌላው ያቆመውን ተረክቦ በሥርዓት መጨረስ ከመጀመር ያነሰ ሥራ አይደለም፤ ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ።

ትልቋ ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ኤሪን ውድስ በሚባለው ሰፈር እንኖር ነበር፤ ትምህርት ቤቷ ራቅ ስለሚል ከሺፍቴ በፊት እኔ አደርሳት ነበር። መኪና ውስጥ ታብሌት ክልክል ነው። በምትኩ የመጽሐፉን ታሪክ በየጠዋቱ ቆርሼ በአማርኛ እነግራታለሁ። የካናዳ ክረምት ስለነበር ጠዋት ስንወጣ ጨለማ ነው።

የግጥሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደረስን። የተከበበችውን ከተማ ሊረዳ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ከነሠራዊቱ መጣ። ልጄ ከኋላ ወንበር ቀና አለች።

«አባዬ፣ ከእኛ አገር ነው?»

«ግሪኮች ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት የዛሬውን ካርታ አይደለም» አልኳት፤ ለሕፃንም ቢሆን ትክክሉ መነገር አለበት። «በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ጥቁር ሕዝብ ነው የሚሉት።»

«ሶ፣ ከእኛ ነው።»

«እሺ፣ ከእኛ ነው።»

ይህን ንጉሥ እኔም ወድጄው ነበር። ግብር ላይ ትልቅ ዋንጫ ሲሰጡት አይፎክርም፤ ማዕድ የጉራ ቦታ አይደለም፣ ወንድነት ነገ ውጊያ ላይ ይታያል ይልና በጊዜ ወደ መኝታው ይሄዳል። ከሺፍት በፊት መተኛት ማለት ይህ ነው ብዬ ለልጄ አስረድቻታለሁ። ማግሥቱን ደግሞ ልጁ የተገደለበት አንድ ሽማግሌ ሊገጥመው ሲመጣ፣ አባቴን ከሚያህል ሰው ጋር አልዋጋም ብሎ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያው ቀን ይሞታል። እናቱ ጎህ ናት፤ ሰማይን የምታነጋው። ሬሳውን ነፋሶች ተሸክመው ይወስዱላታል፣ እሷም ብርሃኗን ከልክላ ታለቅሳለች።

ይህን መንገር የነበረብኝ ሳምንት፣ እቤቴ ውስጥ ሌላ ሞት ደብቄ ነበር። የባለቤቴ እናት ደሴ ዐርፈው ነበር። ባለቤቴ የሁለተኛዋን ልጃችንን የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ወንድሟ መጥቶ «ትውለድና ይነገራታል» አለ። እናትየዋ የእሱም እናት ናቸው፤ ቃሉ ቃሌ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለቅሶውን መኪናው ውስጥ ጨርሶ፣ ፊቱን ጠርጎ ይገባና ከእኅቱ ጋር እየሳቀ እራት ይበላ ነበር። እኔ ደግሞ «እማማ ስልክ አያነሱም እኮ» ስትለኝ «ኔትወርኩ ነው» እላለሁ።

በዚያ ሳምንት ልጄ መኪናው ውስጥ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ንጉሡ ይሞታል እንዴ?»

«አይሞትም» አልኩ። «ቆሰለ። እናቱ ይዛው አገሩ ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እያስታመመችው ነው። በክረምት ቶሎ የማይነጋው ለዚህ ነው፤ እሷ ልጇ ጋ ሆና ትዘገያለች።»

ልጄ ጨለማውን በመስኮት አይታ «ኦኬ፣ ትዘግይ» አለች።

ባለቤቴ በወለደች በአርባኛው ቀን ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ ተረዳች። ለብዙ ሳምንት ቀና ብላ አላየችኝም። «ወንድሜስ እናቱ ናቸው። አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። በዚህ ቤት ሁለተኛ ምንም ነገር አይደበቅም ብዬ ቃል ገባሁ፤ ቃሌን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ፤ ስለ ውሸትም ልጆቼን ጆሮአቸው እስኪደነቁር አስተማርኩ። ንጉሡን ግን ረሳሁት። የረሳሁት ሳይሆን እንደ ትንሽ ነገር የቆጠርኩት ነው ብል የበለጠ እውነት ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄ ደወለች። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤዝመንት፣ ከፎቅ ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት፣ ተከራይታ ነው የምትኖረው።

«አባዬ፣ ቢዚ ነህ?»

«ብሬክ ላይ ነኝ።»

«ያ ንጉሥ የሚድንበት ገጽ ስንት ነው? ፕሮፌሰሯ ፔጅ ነምበር አምጪ ብላኛለች።»

ስለ ጥንት ግጥሞች በሚሰጠው ክላስ ማርክ የሚያዝበት ኤሴይ፣ የጥናት ጽሑፍ፣ ጽፋ ነበር። ክላስ ውስጥ ያነበቡት ከዚያ ግጥም የተቆረጡ ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። እሷ ቀሪውን አውቀዋለሁ ብላ ሳታነብ ጻፈች። የኤሴይዋ መሠረት የክረምቱ ጎህ ነው፤ እናትየዋ የቆሰለ ልጇን ስታስታምም እንደምትዘገይ። መምህሯ ከጎኑ «በጣም ያምራል፤ የት አገኘሽው?» ብላ ጽፋበታለች።

«እስከ ዓርብ ካላሳየኋት ፈጥራ ጻፈች ይባላል» አለች ልጄ። «ጉዳዩ ዲኑ ጋ ይሄዳል። ሪከርዴ ላይ ነው የሚቀረው፣ አባዬ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሊሳፈር የቆመ ሰው መስታወቱን አንኳኳ።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አልኳት።

«ቁጥር ብቻ እኮ ነው የጠየቅኩህ።»

«በስልክ የሚነገር አይደለም።»

እንዲህ ብዬ ዘጋሁ። አሁን ሳስበው የትልቁ ስሕተት መጀመሪያ ይቺ ዐረፍተ ነገር ናት።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አሁን ሳቫና ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«መቼ ነው ይህን የነገርካት?»

«እማማ ባረፉ በሳምንቱ።»

«የኔን ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «የእሷን ግን ዓይኗን እያየህ ንገራት። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ብቻህን ከሄድክ ስብከት ነው የምታደርገው።»

በማግሥቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መኪናዬ አልነሣ አለች። የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ሳልሰካ አድሬአለሁ። የባለቤቴ ወንድም ከሥራው በፊት እንዲያደርሰን ጠራነው።

«መጽሐፍ ስታነብ ነው ገመዱን የረሳኸው» አለኝ። «መጽሐፉን ኮፈኑ ላይ ብታነደው መኪናህ ይነሣ ነበር።»

«ንዳ» አልኩት።

በሩን ስናንኳኳ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ገና አልነጋም። ልጄ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ አድርጋ ከፈተች። እኔን አየች። ከጎኔ እናቷን አየች፣ በጥቁር ካፖርት። ከኋላችን አጎቷን አየች፣ በጥቁር ሱፍ፣ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ። መንገዱ ላይ ጥቁሩ ሊሞዚን ሞተሩ እንደበራ ቆሟል። ብሩሹ ከአፏ በረዶው ላይ ወደቀ።

«ማን ነው?» አለች። «አያቴ ነው?»

አባቴ ደሴ ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። መልስ ሳልሰጣት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። የፎቁ ቤት መብራት በራ። ባለቤቴ ዘልላ አቀፈቻት።

«ማንም አልሞተም» አልኩ።

ወዲያው ደግሞ ውሸት እንደ ደገምኩ ገባኝ።

«ማለቴ፣ ንጉሡ ነው።»

ቀና አለች። «የቱ ንጉሥ?»

«የኢትዮጵያው። ያኔ የነገርኩሽ። ሞቷል።»

የባለቤቴ ወንድም ወደ አጥሩ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

ልጄ አልሳቀችም። ቤዝመንቱ ውስጥ ገብተን ሦስታችንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እሷ ቆማለች።

«በጨለማ፣ ሦስት ሆናችሁ፣ ጥቁር ለብሳችሁ፣ ስለ ኤሴይ ልትነግሩኝ መጣችሁ?»

«እኔ የሥራ ልብሴ ነው» አለ አጎቷ።

«ቴክስት ማድረግ አትችልም ነበር፣ አባዬ?»

«ሞት በቴክስት አይነገርም።»

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳትነግረኝ ግን ይቻላል።»

ይህ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ አልተከራከርኳትም። ያን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ምን እንደነበረ፣ እናቷ ምን እንዳላወቀች፣ እኔ ሁለት ሞት መሸከም እንዳቃተኝ ነገርኳት። ምክር አልጨመርኩበትም፤ ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር፣ ልጀምር ስል ትጨብጠኛለች።

«የክረምቱ ጎህስ?» አለች ልጄ። «እሱስ?»

«እሱ የኔ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«ከጻፍኩት ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር።»

ደስ አለኝ፤ በደስታዬም አፈርኩ። ሁለቱንም አልተናገርኩም። መጽሐፉን ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ ገጹን ከፍቼ ሰጠኋት። የንጉሡን መሞት እዚያው ቆማ ድምፅዋን አሰምታ አነበበች፤ ሲወጋ፣ ሲወድቅ፣ ነፋሶቹ ሲያነሡት፣ እናቱ ከሰማይ ወርዳ ስታለቅስ። የባለቤቴ ወንድም ሳቁን ከተወ ቆይቷል።

«እናቱ መቼ ሰማች?» ሲል ጠየቀ።

«ያኔውኑ» አለች ልጄ ገጹን እያየች። «ሲሞት እያየችው ነው።»

«ታድላ» አለች ባለቤቴ።

ወንድሟ ቆቡን እጁ ላይ አዟዟረው። «እኅቴ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ሲላት የመጀመሪያው ነው። እሷም ትከሻውን በመዳፏ መታ አድርጋ «በል ሥራህ ይረፍድብሃል» አለችው። ረፍዶበትም ነበር፤ የቀጠረው መንገደኛ ሌላ መኪና ይዞ ሄዷል።

እኔ ለመምህሯ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ልጄ አልፈጠረችም፣ የፈጠርኩት እኔ አባቷ ነኝ፣ ምክንያቴ ይህ ነው፣ ቅጣት ካለ የሐሰቱ የእኔ፣ ሳያነቡ የመጻፉ የእሷ ነው አልኩ። ልጄ ደብዳቤውን አንብባ ሁለት የግስ ስሕተት አርማ ዓርብ ጠዋት ይዛው ሄደች። መምህሯ ጉዳዩን ወደ ዲኑ አልላከችም። ግጥሙን ሙሉውን አንብባ ኤሴይውን እንደገና እንድትጽፍ አዘዘቻት፤ ሳያነቡ ለመጻፍ ግን ከመቶ ሃያ ነጥብ ይቀነሳል አለች። ልጄ በዛ አለች። እኔ ፍርዱ ትክክል ነው አልኩ፤ እኔም ብሆን ሃያ እቀንስ ነበር። ለሁለት ቀን አልደወለችልኝም። በሦስተኛው ቀን ደውላ «ሠራዊቱ ወፍ እንደሚሆን ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ከመቃብሩ ላይ አቧራ እየበተኑ በየዓመቱ የሚዋጉትን ወፎች ማለቷ ነው። እኔ በነገርኩሽ ታሪክ ንጉሡ አልሞተም፤ ሬሳ የሌለው ሰው ደግሞ መቃብር የለውም አልኳት። አዲሱን ጽሑፏን አላሳየችኝም። መብቷ ነው።

ወጪው ይህ ነው። ልጄ፣ ሃያ ነጥብ። የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ የኤርፖርት መንገደኛ፣ ሰማንያ አምስት ዶላር፤ ልክፈልህ ብለው አልቀበልም ብሏል። እኔ፣ የአንድ ሰዓት ደመወዝና ከተቀጠርኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ የሆነ ማርፈድ፣ ፋይሌ ላይ የተጻፈ። ባለቤቴ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና የተቀሰቀሰ የእናቷ ሐዘን። መምህሯ፣ አንድ ኤሴይ ሁለት ጊዜ ማረም። የጥርስ ብሩሹ አራት ዶላር ነበር፤ እሱን ከፍያለሁ።